አድራሻዎን አይደብቁ፦ ከሐዋሳ ሆኖ የርቀት ሥራ ስለ መፈለግና በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ስለ መቅረብ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ በሚገኝ የአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ በሂሳብ ባለሙያነት ስሠራ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሊንክድኢን ላይ “ሪሞት” የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር አመለክታለሁ፤ አብዛኞቹ መልስ አይሰጡም፣ የቀሩት ደግሞ በማግስቱ ውድቅ ያደርጉኛል። ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በእሱ ስምና አድራሻ አካውንት ከፍቼ እንድሠራና ክፍያውን እሱ ተቀብሎ እንዲልክልኝ ሐሳብ አቅርቦልኛል። በዚህ መሃል ለአሜሪካ አነስተኛ ንግዶች ሂሳብ የሚይዝ አንድ ድርጅት በዙም ቃለ መጠይቅ ሊያደርግልኝ ቀጠሮ ሰጠኝ። የምኖርበትን አገር ልናገር ወይስ ልደብቅ? እንግሊዝኛዬም ብዙ አያስተማምነኝም። መብራት ወይም ኢንተርኔት ቢጠፋስ? ቢቀጥሩኝስ ገንዘቡ እንዴት ይደርሰኛል?»

ምላሽ፦ ከሁሉ በፊት መታረም ያለበት ግምት አለ። «ሪሞት» ማለት ከቢሮ ውጭ የሚሠራ ማለት እንጂ ከየትኛውም አገር የሚሠራ ማለት አይደለም። አንድ የአሜሪካ ድርጅት ሠራተኛ ሲቀጥር ሠራተኛው በሚኖርበት ቦታ ግብር የመቀነስና የአሠሪነት ግዴታዎችን የመወጣት ኃላፊነት ይኖርበታል፤ በዚያው በአሜሪካ ውስጥ እንኳ ሠራተኛው ሌላ ግዛት ውስጥ የሚኖር ከሆነ ድርጅቱ በዚያ ግዛት በአሠሪነት መመዝገብ ያስፈልገዋል። በዚህ ምክንያት «ሪሞት» ከሚለው ቃል ሥር የአሜሪካ ወይም የአንድ ግዛት ስም ከተጻፈ ገደቡ እውነተኛ ነው። በማግስቱ የሚደርስዎ ውድቅ የማድረጊያ ደብዳቤም ሲቪዎን ሰው አንብቦ የጻፈው ላይሆን ይችላል። ማመልከቻው ውስጥ ብዙ ጊዜ «በአሜሪካ የመሥራት ፈቃድ አለዎት?» የሚል ጥያቄ አለ፤ «የለኝም» የሚለውን ሲመርጡ ሥርዓቱ በራሱ ውድቅ ሊያደርግዎ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ዓመቱ ዝምታ ስለ ችሎታዎ የሚናገረው ነገር እምብዛም የለም፤ የሚናገረው ያመለከቱባቸው በሮች ከመጀመሪያውም ለእርስዎ የማይከፈቱ እንደነበሩ ነው።

የውጭ ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ያለን ሰው ሊያሠራ የሚችልባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። እዚህ የራሱ ቅርንጫፍ ወይም ወኪል ድርጅት ካለው በመደበኛነት ይቀጥራል። ካልሆነም እንደ ዲል እና ሪሞት (እዚህ ላይ የድርጅት ስም ነው) ያሉ፣ በሌላው ድርጅት ፋንታ አሠሪ ሆነው ደመወዝ የሚከፍሉ ድርጅቶችን ይጠቀማል፤ ይህ ግን ተጨማሪ ወጪ ስላለው ትንንሽ ድርጅቶች አይመርጡትም። ሦስተኛውና ለእርስዎ የሚቀርበው መንገድ የኮንትራክተር ውል ነው፤ ማለትም ሠራተኛ ሳይሆኑ አገልግሎት ሸጠው በየወሩ የክፍያ መጠየቂያ ደረሰኝ (ኢንቮይስ) የሚልኩ ባለሙያ ይሆናሉ። ከአሁን በኋላ ማስታወቂያ ሲያነቡ መጀመሪያ የሥራውን ዝርዝር ሳይሆን የቦታውን መስመር ይመልከቱ። «ወርልድዋይድ»፣ «ኤኒዌር»፣ «ኢኤምኢኤ» (አውሮፓን፣ መካከለኛው ምሥራቅንና አፍሪካን በአንድ የሚይዝ ምድብ ነው)፣ «ኮንትራክተር» የሚሉ ቃላት ወይም የሰዓት ልዩነትን ብቻ የሚጠቅስ ገደብ ካለ ያመልክቱ፤ ከሌለ ጊዜዎን አያባክኑ። የናይሮቢ ድርጅቶች ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ላይ ስለሚሠሩ ችላ ሊባሉ አይገባም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ከቤት ሆኖ ለሚሠራ አማካሪ የሚያወጧቸው አጫጭር ውሎችም እንደዚሁ ናቸው።

የአክስትዎ ልጅ ያቀረበው ሐሳብ ከልብ የመጣ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሆኖም አይቀበሉት። በሌላ ሰው ስም መሥራት የማታለል ተግባር ነው፤ አፕወርክን የመሳሰሉ ባለሙያንና አሠሪን የሚያገናኙ መድረኮችም አካውንት ማጋራትንና ማከራየትን በግልጽ ይከለክላሉ። ፊትን ከመታወቂያ ጋር የሚያመሳክር ማረጋገጫ በማንኛውም ጊዜ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ አካውንቱ ውስጥ ያለው ያልወጣ ገንዘብ ጭምር ሊታገድ ይችላል። ገቢው ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት የሚመዘገበው በእሱ ስም ስለሆነ ላልሠራበት ገንዘብ ግብር የሚጠየቀው እሱ ነው። ከዚህም በላይ በ2025 አንዲት የአሪዞና ነዋሪ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አሜሪካ ውስጥ ያሉ መስለው እንዲቀጠሩ የድርጅቶቹን ላፕቶፖች ቤቷ ውስጥ አስቀምጣ ስታሠራ በመገኘቷ 8 ዓመት ከ6 ወር እስራት ተፈርዶባታል። የእርስዎ ጉዳይ ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ይሁን እንጂ ቀጣሪዎች አመልካቹ በእርግጥ የሚኖርበትን ቦታ ዛሬ እንደዚህ አጥብቀው የሚያጣሩበትን ምክንያት ያስረዳል። የተዋሰ አድራሻ ከተገኘ በኋላ «ሥራውንማ በሚገባ ሠርቻለሁ» የሚል መከራከሪያ የሚሰማ የለም። ደግሞም የሚገነባው የሥራ ታሪክና የደንበኛ ምስክርነት የእሱ እንጂ የእርስዎ አይሆንም።

በዚህ ምክንያት ለዋናው ጥያቄዎ መልሴ አጭር ነው፤ አገርዎን ይናገሩ፣ ሳይጠየቁም ይናገሩ። «የምኖረው ኢትዮጵያ ውስጥ ሐዋሳ ነው፤ ከኒው ዮርክ ሰዓት ጋር በቀን ይህን ያህል ሰዓት አብሬ መሥራት እችላለሁ፤ በኮንትራክተርነት በየወሩ ደረሰኝ እልካለሁ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች የቀጣሪውን ሦስት ስጋቶች በአንድ ጊዜ ይመልሳሉ። ሰዓቱን ግን አስቀድመው ከራስዎ ጋር ይስማሙበት። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ጠዋት ቢሮ ሲከፈት፣ በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9:00 ማለት ነው፣ በብርድ ወራታቸው ለእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ቢሮው ሲዘጋ እዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። ሙሉውን እሠራለሁ ብለው ቃል ገብተው በሦስተኛው ወር ከሚደክሙ ይልቅ፣ ለምሳሌ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ያለውን ማቅረብ ይሻላል። የሂሳብ መዝገብ ሥራ ከደንበኛ ጋር በየደቂቃው መነጋገርን ስለማይጠይቅ አብዛኞቹ ይህን ይቀበላሉ።

ከቃለ መጠይቁ በፊት ሲቪዎ ላይ ሁለት ነገር ያስተካክሉ። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎ ለምሳሌ «ከጥር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ» ይላል፤ ሲቪዎ ደግሞ፣ በትክክል ከቀየሩት፣ ጃንዋሪ 2021 ይላል። መረጃ የሚያጣራው ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ የሚያየው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ያለው የሐሰት ሰነድ ነው። ከደብዳቤው ትርጉም ጋር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር ያያይዙ። ሁለተኛው ስም ነው። በፓስፖርት፣ በባንክ ደብተርና በዲግሪ ላይ የተጻፈው የእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ከሌላው ሲለያይ፣ ወይም አንዱ የአያትን ስም ጨምሮ ሌላው ሲተወው፣ ማንነት ማረጋገጥም ሆነ የባንክ ዝውውር ይስተጓጎላል። በሲቪ፣ በሊንክድኢንና በውል ላይ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ብቻ ይጠቀሙ። እንዲሁም የሂሳብ ሶፍትዌሩን «ፒችትሪ» ብለው ጽፈው ከሆነ ስሙ ከተቀየረ ቆይቷልና «ሴጅ 50» ብለው ያርሙት። እዚህ ሁላችንም በአሮጌው ስሙ ብንጠራውም ወጣት የአሜሪካ ቀጣሪ ላያውቀው ይችላል።

ይህን ካነሳን ዘንድ ስለ ሙያው ራሱ ልጨምር፤ እጩዎች ሲወድቁ የማየው ከእንግሊዝኛው ይልቅ እዚህ ላይ ነው። እርስዎ የሚያውቁት የባንክ ሂሳብ ነው፤ ሥራው ግን ለፀጉር ቤት፣ ለቧንቧ ሠራተኛ፣ ለትንሽ ምግብ ቤት መዝገብ መያዝ ነው። የእኛ የሂሳብ አያያዝ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 847 ባጸናው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመራ ሲሆን፣ የአሜሪካ ትንንሽ ንግዶች ብዙዎቹ ገንዘቡ በገባበትና በወጣበት ቀን ብቻ ይመዘግባሉ። የበጀት ዓመታችን በሐምሌ ሲጀምር የእነሱ አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ ይጀምራል። ለኮንትራክተሮች የከፈሉትን የሚያሳውቁበት 1099 የተባለው ቅጽ የሚጠናቀቀው በጃንዋሪ መጨረሻ ስለሆነም ከፍተኛው የሥራ ግፊት ከገናና ከጥምቀት ጋር ይገጥማል። (ይህን በቃለ መጠይቁ ላይ ራስዎ ቢያነሱት ወቅታቸውን እንደሚያውቁ ያሳያል፤ የትኛውን በዓል እንደሚያርፉም በዚያው ይስማማሉ።) ኩዊክቡክስ ኦንላይንን ካላወቁ ቀጠሮው እስኪደርስ በየምሽቱ ይለማመዱት፤ አምራቹ ኢንቱይት ለሂሳብ ባለሙያዎች የሚሰጠው የፕሮአድቫይዘር ሥልጠናና ፈተና ክፍያ የለውም። እንደዚህ ያለ ቀጣሪ በአጠቃላይ ትምህርት የተገኙ አምስት ሰርተፊኬቶች ከሚያይ፣ ነገ የሚከፍተውን ሶፍትዌር የሚያውቅ ሰው ማየት ይመርጣል።

እንግሊዝኛን በተመለከተ ፍርሃትዎ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ከርቀት የሚቀጥር ሰው የሚያሳስበው አነጋገርዎ አይደለም፤ ዞር ብሎ ሊያይዎት ስለማይችል ችግር ሲገጥምዎ ብቻዎን ምን እንደሚያደርጉ፣ መቼ እንደሚጠይቁና ያደረጉትን በጽሑፍ እንዴት እንደሚያስረዱ ማወቅ ይፈልጋል። ጥያቄዎቹ በሙሉ ወደዚያ ያመራሉ፤ የእኛ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ በትሕትና ይሸነፋል። «አንድ ስህተት ያገኙበትን ጊዜ ይንገሩኝ» ሲባል የተለመደው መልስ «እኛ በቅርንጫፋችን ሂሳብ በየቀኑ እናስታርቃለን፣ ችግር ሲኖርም ተባብረን እንፈታለን» የሚል ነው። ጠያቂው ከዚህ ውስጥ እርስዎን ማግኘት አይችልም። በእነሱ ዘንድ «እኔ» ማለት እንደ ጉራ አይቆጠርም።

ያንኑ መልስ እንዲህ ቢሉት ልዩነቱን ያዩታል፦ «የወሩን መጨረሻ ሳስታርቅ የ27,000 ብር ልዩነት ወጣ። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ቁጥር ተገላብጦ የተጻፈ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ፤ 63,450 መሆን የነበረበት 36,450 ተብሎ ገብቶ አገኘሁት። የማስተካከያ መዝገቡን አዘጋጅቼ ለኃላፊዬ አስፈረምኩ፤ ከዚያ ወዲህ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ቁጥር ሁለት ሰው እንዲያየው ሐሳብ አቀረብኩ።» ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው፤ እርስዎ የራስዎን እውነተኛ ገጠመኝ ይናገሩ፣ የደንበኛና የሂሳብ ቁጥር ግን በፍጹም አይጥቀሱ፤ የባንክ ሚስጥር የሚያወራ እጩ የእነሱንም ያወራል ተብሎ ይታሰባል። በዚህ መልክ ከራስዎ ሥራ አራት ወይም አምስት ታሪኮች ያዘጋጁ፤ ሁኔታው፣ የእርስዎ ድርሻ፣ ያደረጉት፣ የተገኘው ውጤት በዚህ ቅደም ተከተል ይቀመጥ። እያንዳንዱ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ። በቃል ማጥናት ሳይሆን በስልክዎ ቀድተው መስማት ነው የሚጠቅመው። ያልሰሙትን ጥያቄ እንዲደግሙልዎ መጠየቅ ድክመት አይደለም፤ ገምቶ ሌላ ነገር መመለስ ግን ነው። መልሱን ከሌላ ስክሪን ላይ፣ በተለይም ከቻትጂፒቲ፣ እያነበቡ መመለስም ይቅር፤ ዓይን ከመስመር መስመር ሲሄድ ካሜራ ላይ ይታያል፣ ቀጥሎ የሚመጣው የማብራሪያ ጥያቄም ያጋልጣል።

አንዳንድ ድርጅቶች ሰው ሳይኖር፣ ጥያቄው ስክሪን ላይ ወጥቶ ለጥቂት ሰኮንዶች አስበው በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ መልስ የሚቀዱበትን ቃለ መጠይቅ ያስቀድማሉ። የልምምድ ጥያቄ ካለው ሳይዘሉ ይሞክሩት፤ የቀረው ዝግጅት ከላይ ካልኩት አይለይም።

አሁን ወደ ቀጠሮው ሰዓት። ብዙ ጥሩ እጩ በዚህ ምክንያት ሲያመልጠው ስላየሁ ቸል አይበሉ። ግብዣው «10:30 ኤኤም ኢስተርን» ካለ፣ ከኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ እስከ ማርች ሁለተኛ እሑድ ባለው ጊዜ እኛ ስምንት ሰዓት ስለምንቀድም ከምሽቱ 12:30 ማለት ነው፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ልዩነቱ ሰባት ስለሚሆን ከቀኑ 11:30 ይሆናል። የእኛ ሰዓት ዓመቱን በሙሉ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የእነሱ ነው። ቀጠሮውን ሲያረጋግጡ በእነሱ ሰዓትና በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት በሁለቱም ይጻፉላቸው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን ለውጭ ሰው አይጻፉ፣ «12:30» ሲያነብ እኩለ ቀን ይመስለዋል።

መብራትና ኢንተርኔትን አስመልክቶ ማንም አይጠፋም ብሎ ዋስትና ሊሰጥዎ አይችልም፤ የሚጠበቅብዎ መተኪያ ማዘጋጀት ነው። የዙም የአንድ ለአንድ ቪዲዮ በሴኮንድ 600 ኪሎቢት ገደማ፣ ድምፅ ብቻውን ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ሳይሆን መቆራረጡ ነው ጠላትዎ። የቤቱ መስመር የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ የሳፋሪኮም ሲም ጥቅል ተሞልቶበት ስልክዎ ላይ ይሁን፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ላይጠፋ ይችላል። ሁለቱንም ቃለ መጠይቁ በሚደረግበት ሰዓትና በዚያው ክፍል ይፈትኑ፤ ከቀኑ 5 ሰዓት የሠራ መስመር ምሽት 1 ሰዓት ላይ ሊጨናነቅ ይችላል። ላፕቶፕዎ ባትሪው ደካማ ከሆነ ዙምን ስልክዎ ላይም ጭነው ይጠብቁ። መስመሩ ቢቋረጥ የሚልኩትን አጭር የኢሜይል መልእክት ቀድመው ጽፈው ያስቀምጡ። ቃለ መጠይቁ ሲጀመርም «ከተቋረጠ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በስልኬ እመለሳለሁ» ብለው ይንገሯቸው፤ ይህ ራሱ በርቀት የመሥራት ችሎታ ማሳያ ነው። ብርሃን ከፊትዎ ይሁን፤ መስኮት ከጀርባ ከሆነ ፊትዎ ይጠቁራል። የሰፈር ድምፅን ሙሉ በሙሉ መከልከል ስለማይቻል ማይክሮፎን ያለው ተራ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል።

ክፍያን በተመለከተ ነገሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው ተሻሽሏል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱን በገበያ እንዲመራ ሲያደርግ፣ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ወይም በውጭ ምንዛሪ ደመወዝ የሚያገኙ ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መክፈት እንዲችሉም ፈቅዷል። ስለዚህ በሚሠሩበትም ሆነ በሌላ ባንክ ይህን ሂሳብ በስምዎ ይክፈቱ፤ ውሉንና ወርሃዊ ደረሰኙን የገንዘብ ምንጭ ማረጋገጫ አድርገው ያስቀምጡ። ባንኮች ከአገር አገር ገንዘብ በሚያስተላልፉበት በስዊፍት ሲላክ በመካከል ያሉ ባንኮች ክፍያ ሊቆርጡ ስለሚችሉ ማን እንደሚሸፍነው በውሉ ይጻፍ። ድርጅቱ ደብሊው-8ቤን የተባለውን የአሜሪካ ቅጽ እንዲሞሉ ይጠይቅዎት ይሆናል፤ የአሜሪካ ነዋሪ አለመሆንዎን የሚያረጋግጡበት ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት ከአሜሪካ ውጭ ስለሆነ በዚያ አገር ግብር እንዲቀነስብዎ አያደርግም። በኢትዮጵያ ግን ነዋሪ ከየትም አገር ባገኘው ገቢ ላይ ግብር ይከፍላልና አስቀድመው የግብር ቢሮውን ያነጋግሩ። በጥቁር ገበያ ወይም በክሪፕቶ እንቀበል የሚል ሐሳብ ከመጣ አይቀበሉ፤ የመጀመሪያው ሕገ ወጥ ነው፣ ሁለተኛውንም ብሔራዊ ባንክ ለክፍያ መጠቀም እንደማይፈቀድ በ2014 ዓ.ም. አሳስቧል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ለሥልጠና፣ ለምዝገባ ወይም ለላፕቶፕ ማስያዣ ገንዘብ የሚጠይቅ ቀጣሪ ቀጣሪ አይደለም። በቴሌግራም ብቻ የሚያወራ፣ ፊቱን የማያሳይና ቃለ መጠይቅ ሳያደርግ «ተቀጥረዋል» የሚልም እንደዚያው። የጠራዎትን ድርጅት ድረ ገጽ፣ የኢሜይሉን አድራሻና የጠያቂውን ስም ከቀጠሮው በፊት ያጣሩ፤ እውነተኛ ከሆነ ይህን ማጣራትዎ አያስከፋውም።

ዋጋ ሲጠየቁ የባንክ ደመወዝዎን በዶላር አካፍለው አይናገሩ። ኮንትራክተር ሲሆኑ አሠሪዎ ለጡረታ የሚያዋጣልዎ 11 በመቶ፣ በዓመት ከ16 የሥራ ቀን የሚጀምረው ፈቃድና የስንብት ክፍያ ሁሉም ይቀራሉ፤ መብራት ሲጠፋ የሚወጣው ወጪም የእርስዎ ነው። ይህን ሁሉ ደምረው ዝቅተኛውን መጠንዎን ከቃለ መጠይቁ በፊት በወረቀት ይጻፉ።

የቁርጥ ምክሬ ይህ ነው፦ የአክስትዎን ልጅ ሐሳብ ይተዉት፣ አድራሻዎን በግልጽ ጽፈው ቃለ መጠይቁን ያድርጉ። ከተሳካ በትንሽ ሰዓት በሚጀምር የሙከራ ውል ይስማሙ፤ ከዚያ በፊት ግን የባንክዎ የቅጥር ውል ተጨማሪ ሥራ ይከለክል እንደሆነ ያንብቡት፣ የሚከለክል ከሆነም በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ። ሁለት የወር ክፍያዎች ሂሳብዎ ውስጥ ገብተው እስኪያዩ ድረስ የመልቀቂያ ደብዳቤ አያስገቡ፤ የሚያስገቡትም በሕጉ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተውና የሥራ ልምድ ደብዳቤዎን በእንግሊዝኛ ጭምር ተቀብለው ይሁን።